አራተኛው ዲስክ

ጥር 8፣ ዓርብ

ዛሬ ሙሉ ቀን ሳል ስቆርጥ ዋልኩ። የቤት ዕቃ ማስታወቂያ ነው። ተናጋሪው ጉንፋን ይዞት "ሶፋ" ባለ ቁጥር ያስላል። ሶፋ፣ ሳል። ቁም ሣጥን፣ ሳል። ሥራዬ ይኸው ነው... ሰው ያሳለውን፣ የተነፈሰውን፣ "እእእ" ያለውን መቁረጥ። ሲያልቅ ሰውዬው ሳንባ የሌለው ይመስላል። ደንበኛ ግን ይደሰታል።

ከሰዓት ታክሲ ተራው ተንጫጫ። ወያላው "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" ሲል ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ስፖንጅ ምንም አያግደውም። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ስቱዲዮ የከፈተ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይጠብቃል?

አባዬ እንደ ልማዱ ጠዋት መጣ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ቤት መዋል አይወድም። እማዬ ታወራዋለች፣ እሱ መመለስ አይችልም። ይሄ ለእሱ ከሕመሙ የባሰ ቅጣት ነው። እኔ ጋ ግን ሁሉም ሰው ዝም እንዲል ነው የሚፈለገው። ሻርፑን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ጥጉ ላይ ባለችው ወንበር ይቀመጣል። ማለት የፈለገውን ስልኩ ላይ ጽፎ ያሳየኛል።

ዛሬ የጻፈው፦ "ይሄ ሰውዬ ሶፋ ላይ ምን ደርሶበት ነው?"

በሳቅ ሞትኩ። እሱም ሳቀ... ያለ ድምፅ። ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ያንን ገና አልለመድኩትም።

ጥር 10፣ እሑድ

ለከተራ መንገድ ተዘግቶ ከቸርች በእግር ተመለስን። እማዬ ጫማዋን በእጇ ይዛ። "ለሠርጉ ቀን እግሬን ማትረፍ አለብኝ" ትላለች። ደስ የሚል ድካም።

ጥር 12፣ ማክሰኞ

ምሥጋና ምሳ ልትበላ ስቱዲዮ መጣች። የቬሎው ነገር፣ የሚዜዎቹ ነገር፣ የእጮኛዋ የኤልያቄም እናት ነገር... ሙሽራ ስትሆን ታናሽ እህቴ ሳትሆን የስብሰባ ሰብሳቢ ነው የምትመስለው። አባዬ ለሐኪም ቀጠሮ ሄዶ ነበር፣ ሁለታችን ብቻ ነን። መሀል ላይ ሹካዋን አስቀመጠችና...

"ራኬብ፣ ሠርጌ ላይ ማን ነው የሚመርቀኝ?"

"ፓስተሩ ይጸልያል። አጎታችንም አለ።"

"ስለ አጎታችን አልጠየቅኩሽም።"

እንባዋ ሳህኑ ላይ ጠብ ማለት ጀመረ። ከልጅነቷ ጀምሮ አባዬ ሰው ሠርግ ላይ ሲመርቅ የሰሙ ሁሉ እሷን ሲያዩ "ያንቺ ቀን ደግሞ እንዴት ይሆን!" ይሏት ነበር። ሰፈራችን ውስጥ እንደ አባዬ የሚመርቅ የለም። የለም ሳይሆን... አልነበረም።

እንዴት ልንገራት? ቃል አስገብቶኛል። እዚህ ልጻፈው እንጂ ሊፈነዳብኝ ነው።

ኅዳር ላይ፣ ሐኪሞቹ ማንቁርቱን እንደሚያወጡት ከነገሩን በኋላ፣ አባዬ ብቻውን ስቱዲዮ መጣ። "ምሥጋናን መመረቅ እፈልጋለሁ። ቅጂልኝ" አለኝ። ድምፁ ሻክሯል፣ ግን የእሱ ነው። ማይኩን አስተካከልኩለት። ቅጂውን አስጀመርኩ። ከዚያ ከገዛ ስቱዲዮዬ አስወጣኝ!

"አንቺም እዚያው ቀን ነው የምትሰሚው። እስከዚያ እንዳትከፍቺው። ሳል ቢኖርም እንዳትነኪው።"

እሺ አልኩ። እስከ ዛሬ አልከፈትኩትም። ሲጨርስ ፊቱን በመሐረብ እየጠረገ ወጣ፣ "ረሃብ ገደለኝ" አለ፣ ሄደን በላን። ከሳምንት በኋላ ሆስፒታል ገባ።

ሠርጉ ላይ የምርቃቱ ሰዓት ሲደርስ ከድምፅ ማጉያው የአባዬ ድምፅ ይወጣል። እማዬና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው። ምሥጋና ምን ትሆን ይሆን?

ጥር 14፣ ሐሙስ

ዛሬን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ስከፍት መብራት አልነበረም። አባዬን ስቱዲዮ ትቼው ሀና ማርያም ሄድኩ፣ የሠርጉን አዳራሽ ድምፅ ማጉያ ለማየት። ስመለስ መብራት መጥቷል። አባዬ ሳጥኑ አጠገብ ቆሟል። ፊቱ ፈክቷል። አውራ ጣቱን አወጣልኝ። ወደ ስክሪኑ ጠቆመኝ፣ ወደ ግድግዳው ጠቆመኝ፣ ስልኩን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ።

"ቆይ አባዬ፣ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው" አልኩት። ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተ።

ከዚያ የሶፋውን ማስታወቂያ ልከፍት ስል... የለም። ፎልደሩ የለም። ሌላውም የለም። የስንት ጊዜ ሥራ፣ ባዶ።

ሳጥኑ የምለው ሥራዬን ሁሉ የማስቀምጥበትን ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተር የሚጠግነው ጓደኛዬ በፍቃዱ ነው የገጣጠመልኝ። ውስጡ አራት ዲስኮች አሉ፣ እንደ አንድ ሆነው ነው የሚሠሩት። ያኔ ሲያስረዳኝ "ቃሬዛ በያቸው" ብሎኝ ነበር። "አራቱ ይሸከማሉ። አንዱ ቢለቅ ሦስቱ ይችሉታል። ሁለት ከለቀቁ ግን ወደቀ።" ምሳሌው ያኔም ደስ አላለኝም።

ዛሬ ስክሪኑ ላይ የወጣው ባጭሩ፦ ማስጀመር አልተቻለም። ከአራት የተገኙት ሁለት።

አጠፋሁ። አበራሁ። ያው። እንደገና አጠፋሁ፣ ጸለይኩ፣ አበራሁ። ያው።

የጨረስኩትን ሥራ ሌላ ዲስክ ላይ እገለብጣለሁ። ያልነካሁትን አልገለብጥም... ምን ብዬ? የአባዬ ምርቃት ደግሞ አትክፈቺው የተባልኩት፣ ያልከፈትኩት ነው። እዚያ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው ያለው።

አባዬ "ምን ሆንሽ?" ብሎ በእጁ ጠየቀኝ።

"ምንም። ኢንተርኔት ነው" አልኩት። ኢንተርኔት ላይ የማናሳብበው ነገር አለ?

ጥር 15፣ ዓርብ

አባዬን "ዛሬ ሥራ የለም፣ እረፍ" አልኩት። ዋሸሁ። በፍቃዱ ከነፋስ ስልክ መጣ።

በፍቃዱ ሲሠራ ያፏጫል። ማፏጨቱን ሲያቆም ነው የሚያስፈራው። ዛሬ ቶሎ አቆመ።

"ራኪ ነይ እይ። እያንዳንዱ ዲስክ መጨረሻ የሠራበትን ቀን ራሱ ላይ ይጽፋል።"

አንደኛውና ሁለተኛው፣ ትናንት። ደህና ናቸው። ሦስተኛው፣ ባለፈው ነሐሴ። አራተኛው... እዚህ ላይ ስክሪኑን ወደኔ አዞረው።

"በፈረንጅ 2018፣ ሜይ 14፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው! ይሄ ዲስክ እዚህ ሳጥን ውስጥ አንድም ቀን አልሠራም።"

"አንተ አይደለህ እንዴ የገዛኸው?"

"አዲስ ብለው ነው የሸጡልኝ! ያገለገለ ዲስክ አሽገው..." ፊቱ ተለዋወጠ። የሸጠውን ሰው አባቱንም አያቱንም አነሳ።

"እሺ አራተኛው ሠርቶ አያውቅም። ሦስተኛው ነሐሴ ላይ ቆሟል። ታዲያ እኔ እስከ ረቡዕ በሁለት ነው ስሠራ የነበርኩት? ሁለት ከለቀቁ ይወድቃል አላልክም?"

በፍቃዱ አገጩን አከከ።

"ሦስተኛው እስከ ትናንት ሲሠራ ነበር ማለት ነው። ቀኑን መጻፍ ብቻ ነው የተወው። ዲስክ ሲያረጅ እንደዚያ ያደርጋል።"

"ያደርጋል?"

"...ሊያደርግ ይችላል።"

ይሄ "ሊያደርግ ይችላል" የሚሉት ነገር አላሳመነኝም። አንድ ዲስክ ሲለቅ ሳጥኑ በኢሜይል ያስጠነቅቃል ይላል በፍቃዱ። ወደ የትኛው ኢሜይል? ራሱ ወደ ከፈተልኝ፣ የይለፍ ቃሉን ሁለታችንም ወደ ረሳነው ኢሜይል። ተያየን።

ዕቅዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሦስቱን ሌላ ዲስክ ላይ እንዳሉ መገልበጥ። ቢበላሽ ግልባጩ ይበላሽ። ከዚያ ግልባጮቹን አንድ ላይ አድርጎ በግድ ማስጀመር። ከተነሳ፣ አራተኛውን ሙልጭ አድርጎ አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስገባት።

"አራተኛውን አንገለብጠውም?"

"የማያውቁት ሰው የስምንት ዓመት ፋይል ምን ያደርግልሻል?"

እውነቱን ነው። ምን ያደርግልኛል?

ጥር 16፣ ቅዳሜ

ሲገለበጥ ዋለ። መስመሩ ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል። መብራት እንዳይጠፋ ጸለይኩ። ጌታ ሆይ፣ ከፈለግክ የጀሞን ሁሉ አጥፋ፣ የእኔን ብቻ ተው... እንዲህም ይጸለያል? ወዲያው አፈርኩ።

ጥር 17፣ እሑድ

መዝሙሩ ሲዘመር አፌን ከፈት ዘጋ እያደረግኩ ነው የቆምኩት። አባዬ ከጎኔ ያጨበጭባል። ድሮ የእሱ ድምፅ ከኋላ ሦስት ወንበር ድረስ ይሰማ ነበር። አሁን እጁ ብቻ። እሱም ከሁሉ ሰው ይበልጥ ነው የሚያጨበጭበው።

ስንወጣ እማዬ ክንዴን ያዘችኝ።

"አባትሽ የቀዳውን አዳራሹ ላይ ሞከርሽው?"

"እሺ እማዬ።"

"እሺ ማለት ሞከርኩ ነው?"

"እሞክረዋለሁ ማለት ነው።"

ዓይኔን አየችኝ። እማዬን መዋሸት አልችልም፣ ስለዚህ ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ አልኩ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

ጥር 18፣ ሰኞ

ተነሳ!

በፍቃዱ የሆነ ነገር ጻፈ፣ "በግድ" አለው፣ ሳጥኑ ትንሽ አሰበና... ፎልደሮቹ በሙሉ ተደርድረው ወጡ። ጮህኩ። ጎረቤት ያለችው ፀጉር ሠሪ መጣችና "ሎተሪ ነው?" አለች።

የአምና ሥራዎች ይከፈታሉ። የሐምሌው አለ። የኅዳሩን ፎልደር አገኘሁት። "አባዬ ለምሥጋና"። ስሙ አለ። ቃሌን አፍርሼ ከፈትኩት።

ሺሺሺሺሺሺ።

ሌላ ምንም የለም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሺሺሺ። የጥቅምቱን ሞከርኩ፣ ሺሺሺ። የታኅሣሡን፣ ሺሺሺ። እስከ ነሐሴ ያለው ሁሉ ደህና ነው። ከነሐሴ ወዲህ ያለው ሁሉ ገለባ።

በፍቃዱ ቀስ ብሎ፣ "ሦስተኛው እውነትም ነሐሴ ላይ ነው የቆመው" አለ።

"ታዲያ ከነሐሴ ወዲህ ያሉትን ሦስተኛ ሆኖ የተሸከመው ማነው?"

የአባቴ ድምፅ የነበረበት ቦታ ላይ ሺሺሺ የሚል ነገር ተቀምጧል። ስቱዲዮውን ዘግቼ ታክሲ ተራው ድረስ ሄድኩና የት እንደምሄድ ጠፋኝ። ተመልሼ ከፈትኩ።

ጥር 19፣ ማክሰኞ

በፍቃዱ ደወለ። ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ መላ አግኝቷል።

"ድምፅ የሚያስመስል ፕሮግራም አለ ራኪ። የአባትሽ የጋሽ ዳኜ ሌላ ድምፅ ካለሽ ስጪው፣ ምርቃቱን እኛ እንጽፈውና በእሳቸው ድምፅ ይናገረዋል። ማንም አያውቅም።"

"አባዬ አያውቅም?"

ልረዳሽ ብሎ ነው፣ ይገባኛል። ግን ስልኩ ጆሮው ላይ እያለ ዘጋሁበት።

ከዚያ ቴሌግራሜን ከፍቼ አባዬ ድሮ የላከልኝን የድምፅ መልእክቶች አዳመጥኩ። ያሉኝ እነሱ ብቻ ናቸው። "ራኪዬ፣ ስትመጪ ዳቦ ያዢ።" "ራኪዬ፣ ዳቦ አልኩሽ እንጂ ኬክ አላልኩሽም።" "ራኪዬ፣ እናትሽ ተቆጥታለች፣ በጓሮ በኩል ግቢ።" ስለ ዳቦ ብቻ! አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ስለ ዳቦ ነው እንዴ የሚያወራው?

አለቀስኩ። ፈራሁ። ለአባዬ መንገር አለብኝ። ምን ብዬ? ያቺን አንዲት ነገር አደራ ሰጠኸኝ፣ እሷንም አልጠበቅኩልህም ብዬ? እንደገና ተናገረው ማለት አይቻልም። ሌላ ነገር ሁሉ እንደገና ይሠራል። ይሄ አይሠራም።

ነገ በፍቃዱ አራተኛውን ሊያጠፋው ይመጣል። ቢያንስ ሳጥኑ ለሥራ ይመለስልሽ ይላል። ይምጣ።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ከየት ልጀምር?

አትምጣ ብዬው ነበር። አባዬ ግን ጠዋት ዳቦ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ዓይኔ አብጧል። ስክሪኑ ላይ የአራቱ ዲስኮች ቀን ተደርድሯል፤ በፍቃዱ ከመምጣቱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ልየው ብዬ ነበር የከፈትኩት። መደበቅ አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኩት። ሳጥኑ እንደወደቀ፣ ምርቃቱ ሺሺሺ እንደሆነ፣ ሳምንቱን ሙሉ እንደዋሸሁት።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ዳቦውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ሻርፑን ነካ ነካ አደረገው። ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

ሲቆይ ተነስቶ መነጽሩን አደረገና ስክሪኑን ማየት ጀመረ። ጣቱን በአንደኛው ላይ፣ በሁለተኛው ላይ፣ በሦስተኛው ላይ አሳለፈው። አራተኛው ላይ ቆመ። 2018-05-14 03:20። ዞሮ አየኝ። ደረቱን መታ መታ አደረገ። የእኔ ነው።

"አይደለም አባዬ፣ እሱ የሌላ ሰው አሮጌ ዲስክ ነው።"

ራሱን ነቀነቀ። የለም። እጄን ይዞ ግድግዳው ላይ ወዳለው የቸርቻችን ካላንደር ወሰደኝ። ጥር። ጣቱን 14 ላይ አስቀመጠ። ከላይ በትልቁ የተጻፈውን ዓመት ነካ። 2018። የእጅ ሰዓቱን ነካ። ከዚያ በሁለት ጣቱ አየሩ ላይ ታይፕ አደረገ። በመጨረሻ ስልኩን አውጥቶ፣ ያን ሐሙስ እኔ "ቆይ" ብዬ ያስቆምኩትን ነገር ጻፈው፦

"መብራት ሲመጣ ማሽኑ ቀንና ሰዓት ጠፍቶብኛል ሙሉልኝ አለ። ሞላሁለት።"

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

አምስተኛው ወር ጥር ነው! አሥራ አራት ደግሞ ያ ሐሙስ። ሦስት ሰዓት ከሃያ፣ ከጠዋቱ! ሜይም አይደለም፣ ሌሊትም አይደለም፣ ስምንት ዓመትም አይደለም። የእኛ ቀን ነው። አባዬ ዕድሜውን በሙሉ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነው። ቀን ያልተጻፈበት ወረቀት ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። ቀን ሙላ ሲሉት የትኛውን ይሞላል? ያለንበትን ነዋ!

በፍቃዱ ሲመጣ ሳጥኑ ፊት እጄን ዘርግቼ ቆምኩበት። ነገርኩት። ወዲያው ኪቦርዱ ላይ ተደፋ። ለካ ዲስኮቹ ከቀኑ ሌላ ቆጣሪም አላቸው፣ ስንት ጊዜ እንደተጻፈባቸው የሚቆጥር። የአራተኛው ከአንደኛውና ከሁለተኛው ያነሰው በጥቂት ብቻ ነው። የሦስተኛው እጅግ ወደ ኋላ ቀርቷል።

"ይሄን ዓርብ ለት ለምን አላየኸውም?"

"ስምንት ዓመት የሚል ቀን አይቼ ቆጣሪ ምን ብዬ ልይ?" ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። "ራኪ፣ ላጠፋው ነበር እኮ። ዛሬ ላጠፋው ነበር።"

አሁን ሁሉም ይገጥማል። ሦስተኛው ነሐሴ ላይ ሞተ። ያን ጊዜ ሁሉ የተሸከሙት ሌሎቹ ሦስቱ ነበሩ። ሐሙስ ለት መብራት ሲጠፋ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሰዓት የምታስታውሰዋ ክብ ባትሪ አልቃ ኖሮ ቀኑን ረሳው። አባዬ ሞላለት። አራተኛው ያንን ቀን ራሱ ላይ ጽፎ ወዲያው ለቀቀ። በፍቃዱ ሲከፍተው ገመዱ ላልቶ ነበር። በኋላ ኢንተርኔት ሲመለስ ሳጥኑ ሰዓቱን ከዚያ ወስዶ ራሱን አረመ፣ አንደኛውና ሁለተኛውም ላይ የፈረንጁን ቀን ጻፈ።

አባዬ ስንጯጯህ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል። ስልኩን አሳየኝ፦ "አበላሸሁት?"

"ምንም አላበላሸህም! ትክክለኛውን ቀን ነው የሞላኸው!"

አቀፍኩት። ዳቦው መሀላችን ተጨፈለቀ። ግን ገና አልተነሳም። በፍቃዱ ዛሬ አራተኛውን እየገለበጠ ነው። ተስፋ ማድረግ እፈራለሁ። ሰኞም ጮሄ ነበር።

ጥር 21፣ ሐሙስ

በፍቃዱ አላፏጨም። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ አራተኛ። በግድ። ሳጥኑ አሰበ... ፎልደሮቹ ወጡ። አልጮህኩም።

"አባዬ ለምሥጋና"። አባዬ ከጎኔ ቆሟል። ልክፈተው? ብዬ አየሁት። ሄድፎኑን አንስቶ ራሱ ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ።

መጀመሪያ የወንበር ድምፅ። ከዚያ...

"ራኪዬ፣ ጀመረ እንዴ?"

አባቴ። የአባቴ ድምፅ። ከዚያ ሳል። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ የምርቃቱ መጀመሪያ። ከዚያ... ዝም።

ተቆርጧል! ስክሪኑን አየሁ። መስመሩ ጠፍጣፋ ነው። ተበላሽቷል፣ መጀመሪያው ብቻ ነው የተረፈው ስል... ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር መጣ። ከዚያ እንደገና ዝም። ምንድነው ይሄ? በየመሀሉ ተበልቷል?

ቀና ስል አባዬ ፊቴን እያየ ነው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ የለውም ግን ይነበባል።

አሜን።

ቦታ ትቶልን ነው! ኅዳር ላይ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን ቁጭ ብሎ፣ በየምርቃቱ መሀል እኛ አሜን እስክንል እየጠበቀ ነው የቀዳው።

ሄድፎኑን አወጣሁት። "የቀረውን ከምሥጋና ጋር እሰማለሁ" አልኩት። በፍቃዱ ወደ ግድግዳው ዞሮ ዓይኑን ይጠርጋል። ስፖንጁ አቧራ አለው ይላል።

ጥር 22፣ ዓርብ

ስልኬ ላይ አለ። ላፕቶፔ ላይ አለ። በፍቃዱ ጋ አለ። ፍላሽ ላይ ገልብጬ ለእማዬም ሰጠኋት፣ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። አሁንስ እተኛለሁ።

ጥር 25፣ ሰኞ

ትናንት ዳርናት።

የምርቃቱ ሰዓት ሲደርስ ምሥጋና አጎታችንን እየጠበቀች አንገቷን ደፍታ ነበር። ከድምፅ ማጉያው፣ አዳራሹን የሚሞላ ድምፅ፣ "ራኪዬ፣ ጀመረ እንዴ?" አለ። አልቆረጥኩትም። ሳሉንም አልቆረጥኩትም። ሰው ሳቀ። ምሥጋና ግን አልሳቀችም። ቀስ ብላ ዞራ አባዬን አየችው። ከንፈሩን ገጥሞ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

"የምትገቢበት ቤት ከወጣሽበት ቤት ይብለጥልሽ።"

ዝም። ማንም አልገባውም። ጸጥታው ረዘመ። እኔም አሜን ማለቱን ረሳሁት። ከዚያ እማዬ ብቻዋን፣ ቀጭን በሆነች ድምፅ፣ "አሜን" አለች።

"ባልሽ ሲቆጣ አንቺ የምትስቂ፣ አንቺ ስትቆጪ እሱ የሚስቅ ያድርጋችሁ።"

"አሜን!" አሁን አዳራሹ በሙሉ። ኤልያቄም ከሁሉ በላይ ጮኸ።

እንዲህ እያለ ሄደ። እሱ ይላል፣ ይጠብቃል፣ እኛ እንሞላዋለን። ምሥጋና ቬሎዋን ሰብስባ ሄዳ እግሩ ሥር ቁጭ አለች። እጁን ራሷ ላይ ጫነ። ድምፁ ከማጉያው፣ እጁ ከራሷ ላይ።

መጨረሻ ላይ፦ "እህትሽ ይሄኔ በሩ ጀርባ ቆማ እያዳመጠች ነው፣ አውቃታለሁ። ሁልጊዜ የሌላውን ሰው ድምፅ ስታሳምር ነው የምትውለው። እሷንም ይባርክልኝ።"

እያዳመጥኩ አልነበረም! በሩ ወፍራም ነው፣ ሞክሬ ምንም አልተሰማኝም።

ዝም። የእኔ ቦታ። ራሴን እንዴት ብዬ አሜን ልበል? ምሥጋና ከአባዬ እግር ሥር ሆና "አሜን!" ብላ ጮኸች፣ ኩሏ ጉንጯ ላይ ፈሶ። ከዚያ ሁሉም። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ በደንብ አላስታውስም።

ዛሬ በፍቃዱ አዲስ ዲስክና አዲስ ባትሪ ይዞ መጣ። የራሱ ጥፋት ካሣ ነው አለ፣ አልተከራከርኩም። ሳጥኑ ሲበራ እንደገና ቀንና ሰዓት ሙሉ አለ። ኪቦርዱን ወደ አባዬ ገፋሁለት። መነጽሩን አደረገ፣ እጁን አዘጋጀ፣ ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለውና ስልኩን አነሳ፦ "የፈረንጁን ነው የእኛን?"

ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ነው። እኔም።

ከሰዓት የሶፋውን ማስታወቂያ ጨረስኩ። አንዷን ሳል ተውኩለት።